«ነጭ ደምሽ አንሷል» የተባለችው ልጅ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ሦስት የላብራቶሪ ወረቀት ይዛ መጣች። ሦስቱም ላይ ነጭ የደም ሴሏ፣ በተለይ ኒውትሮፊል የሚባለው፣ ከመደበኛው በታች ነው። «ዶክተር፣ የደም ካንሰር ነው አይደል?» አለችኝ። ኤችአይቪ ሁለቴ ተመርምራ ነጻ ናት። ትኩሳት የላትም፣ አልከሳችም፣ ሄሞግሎቢኗም ፕላትሌቷም ደህና ነው።

በኔ እምነት መታየት ያለበት ደሟ ብቻ ሳይሆን «መደበኛ» የተባለው ቁጥርም ነው። ብዙ ላብራቶሪ ኒውትሮፊል ከ1500 በታች ከሆነ ዝቅተኛ ብሎ ያወጣል። ቁጥሩ ግን በአብዛኛው ከአውሮፓ ዝርያ ሰዎች የተወሰደ ነው።

ዳፊ የሚባል ጂን አለ። በብዙ አፍሪካውያን ጂኑ ራሱ ደህና ነው፤ የተለወጠው ማብሪያ ማጥፊያው ነው፣ ያውም አንዲት ፊደል። ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ጂኑ ቀይ የደም ሴል ላይ ይጠፋል፣ ሌላ የሰውነት ክፍል ላይ ግን ይሠራል። የአንዱ ክፍል መብራት ጠፍቶ የሌላው እንደሚበራው ቤት በሉት። ቫይቫክስ የተባለው ወባ ቀይ ሴል ውስጥ የሚገባው በዚሁ ፕሮቲን ስለሆነ፣ መጥፋቱ ይጠቅማል (ሙሉ በሙሉ ግን አይከላከልም፤ እኛ አገር ዳፊ የሌላቸውም ሲያዙ ታይቷል)።

በ2009 ተመራማሪዎች የአፍሪካ አሜሪካውያንን ጂን ከአፍሪካ የመጣውንና ከአውሮፓ የመጣውን በኮምፒውተር ለይተው አነጻጸሩ። ኒውትሮፊል የሚያሳንሰው ይኸው የዳፊ ለውጥ ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩ ያንሳል እንጂ ሰዎቹ በኢንፌክሽን የበለጠ አይጠቁም።

የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? ኮምፒውተር የሚያውቀው የሰጡትን ብቻ ነው። የ1000 ጂኖም ፕሮጀክት ከ26 ሕዝቦች 2,504 ሰዎችን አጠና፤ ከጎረቤታችን ኬንያ ሉህያዎች አሉ፣ ኢትዮጵያዊ ግን የለም። ጂን በየትኛው የሰውነት ክፍል እንደሚሠራ የሚያሳየው ጂቴክስ የተባለው ትልቅ መዝገብም 85 በመቶ ገደማው ነጭ አሜሪካውያን ናቸው። እኛ አገር ደግሞ ዳፊ ያለውም የሌለውም ተቀላቅሎ ነው የሚኖረው፤ ለጥናት ከዚህ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል? በዚህ ክፍተት የተነሳ ሰው ያለ በቂ ምክንያት መቅኔው ይቀዳል፣ የካንሰር መድኃኒቱ ይዘገይበታል። የራሳችን መደበኛ ቁጥር ይሠራልን!

እስከዚያው ግን ውጤታችሁን አትጣሉ። ቁጥሩ ለዓመታት አንድ ዓይነት ከሆነና ጤነኛ ከሆናችሁ ለሐኪማችሁ አሳዩት። ትኩሳት፣ ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን፣ የአፍ ቁስል ካለ ወይም ቁጥሩ በድንገት ከወረደ ግን «ዳፊ ነው» ብላችሁ እንዳትቀመጡ።

ልጅቷ የአራት ዓመት ወረቀት ከእናቷ ሳጥን አግኝታ አመጣች። ያኔም ያው ነበር።