የአንድ ምሽት ጀግናና የአንድ ምሽት ተወቃሽ

አንድ ቡድን ሌላውን በሰፊ ልዩነት ሲረታ ሁለት ሰዎች በሕዝብ አፍ ይገባሉ። አንደኛው ብዙ ግብ ያገባው፣ ሁለተኛው ብዙ ግብ የገባበት ነው። ምስጋናውም ሆነ ወቀሳው በትክክለኛ ሚዛን የተለካ መሆኑን ግን የሚመረምር ጥቂት ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን ጥር 29 ቀን 1968 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ የተደረገው የበረዶ ሆኪ ግጥሚያ ነው። ተጫዋቾቹ ምላጭ ባለው ጫማ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ጠፍጣፋ ጎማ በዱላ የሚመቱ ሲሆን፣ የዱላው ቆልማማነት የአገራችንን የገና ጨዋታ ያስታውሳል። በአንድ ወገን ግብ ጠባቂው ተጨምሮ 6 ሰዎች ይሰለፋሉ። ጨዋታው 20፣ 20 ደቂቃ እየሆነ በሦስት ይከፈላል። ነጥብ የሚመዘገበውም ግብ ላገባው ብቻ ሳይሆን ላቀበለውም ጭምር ነው።

በዚያ ምሽት የቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ ቦስተን ብሩይንስን 11 ለ 4 አሸነፈ። የቶሮንቶ አምበል ዳሪል ሲትለር 6 ግብ አግብቶ 4 በማቀበል 10 ነጥብ አገኘ። ሞሪስ ሪሻርድ በ1937 ዓ.ም. ያስመዘገበው ከፍተኛ ውጤት 8 ነበር፤ በኋላ የተነሣው ስመ ጥሩው ዌይን ግሬትዝኪ እንኳ በአንድ ግጥሚያ ከ8 አላለፈም። የሲትለር ክብረ ወሰን እስከ ዛሬ አልተሰበረም።

ይሁን እንጂ የቁጥሩ አመጣጥ ከቁጥሩ ይልቅ ያስተምራል። ሲትለር በመጀመሪያው 20 ደቂቃ ለጓደኞቹ ሁለት አቀበለ እንጂ አንድም አላገባም። በሁለተኛው ሦስት አግብቶ ሁለት አቀበለ፤ በሦስተኛው ሦስት ጨመረ። የመጨረሻዋም ለጓደኛው የላካት ስትሆን፣ ከተቃራኒው ተከላካይ ተጋጭታ ገባች። ስለዚህ ጀግንነቱ ከጓደኞቹ ጋር የተሠራ ነው፤ ዕድልም ጥቂት ረድቶታል።

የቦስተን ግብ ጠባቂ ዴቭ ሪስ ግን በወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል እንደሚባለው ሆነ። ጀማሪው ሪስ 11 ግብ ሲገባበት አሠልጣኙ ዶን ቼሪ አልለወጠውም። ከዚያም ወዲህ በዚያ ታላቅ ሊግ አልተሰለፈም። ብዙዎች ያች ምሽት አጠፋችው ይላሉ። ነገር ግን ነባሩ ግብ ጠባቂ ጌሪ ቺቨርስ ከሌላ ሊግ በመመለሱ የሪስ ቦታ አስቀድሞ የጠበበ ነበር። መዝገቡም ሲገለጥ ከተጫወተባቸው 14 ግጥሚያዎች ቡድኑ 7ቱን አሸንፏል፤ በሁለቱ አንድም ግብ አልገባበትም።

ግብ ጠባቂ የመጨረሻው በር ነው እንጂ ብቸኛው አጥር አይደለም። ጎማዋ እርሱ ዘንድ የደረሰችው አምስት ጓደኞቹን አልፋ ነው። ዛሬ በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት ያሉ ወጣቶቻችን ነገ የሌላውን ሥራ መርምረው የሚሾሙና የሚሽሩ ናቸው። ያን ጊዜ የአንዱን ቀን ውጤት ብቻ አይተው እንዳይፈርዱ፣ መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው እንዲያነቡ አደራ እንላለን።