ማሳሰቢያ፦ ግቢያችሁ በከፊል ለሚነካባችሁ የቦሌና የአካባቢው ነዋሪዎች

ቤቱ ሙሉ በሙሉ የሚነሳበት ሰው ምን እንደሚያጣ ያውቃል። አጥሩና የፊት ሱቁ ብቻ የሚቆረጥበት ግን «እኔስ ተረፍኩ» ብሎ ይጽናናል፤ የንብረት ቆጠራ ቅጹ ላይም ቶሎ ይፈርማል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማቱ ከመስቀል አደባባይ እስከ ቦሌ አየር ማረፊያ፣ ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ ሲዘልቅ ለእግረኛና ለብስክሌት መንገድ ሲባል ብዙ አጥር ወደ ውስጥ ገብቷል፤ በረንዳና የጥበቃ ቤትም ፈርሷል። ይህ ማሳሰቢያ ለእነዚህ «ተራፊዎች» ነው።

ገማቾች ሲመጡ ዓይናቸው የሚያርፈው በሚፈርሰው ላይ ነው። ችግሩ ከመሬት በታች ያለው ነው። ከመንገዱ ዳር በሚቆረጠው ጥቂት ሜትር ውስጥ የፍሳሽ ጉድጓዱ፣ የውሃ ቆጣሪው፣ የመብራት መስመሩ፣ አንዳንዴም ወደ ምድር ቤቱ መኪና ማቆሚያ የሚወርደው መግቢያ ይገኛል። አጥሩ ተለክቶ ጉድጓዱ ከተረሳ የቀረው ቤት መጸዳጃ የሌለው ቤት ይሆናል። የካሳ አከፋፈል ደንብ ቁጥር 135/1999 የፍሳሽ ጉድጓድን፣ የወለል ንጣፍን፣ መስመሮችን ነቅሎ መልሶ የመትከልና የማገናኘት ወጪን በካሳው ውስጥ በስማቸው ጠቅሶ ነበር። ስለዚህ እነዚህ እንዲቆጠሩ መጠየቅ ልመና አይደለም።

አንድ ተስፋ ግን አታሳድሩ። በአሜሪካና በሌሎች አገሮች ከፊል ይዞታ ሲወሰድ ንብረቱ ከመነካቱ በፊትና በኋላ በገበያ የሚያወጣው ዋጋ ተነጻጽሮ ልዩነቱ ይከፈላል። እኛ ዘንድ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የቦታው ዋጋ ወደ ስሌቱ አይገባም፤ የቤት ግምት መነሻው ተመሳሳይ ቤት ዛሬ ለመሥራት የሚጠይቀው ወጪ ነው። ቦሌ መንገድ ዳር ያለች አንድ ካሬ ሜትር ደላላው ስንት እንደሚላት ለገማቹ ብትነግሩት ጊዜያችሁን ታባክናላችሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ምርጫውን አስቡበት። ደንብ ቁጥር 135/1999 ቤቱ በከፊል የሚፈርስበት ባለቤት ይዞታውን በሙሉ አስረክቦ የሙሉ ቤቱን ካሳ እንዲጠይቅ ይፈቅድ ነበር፤ ቀሪውን ይዞ መኖር ከመረጠ ደግሞ የሚከፈለው ለፈረሰው ብቻ ሲሆን፣ ቀሪው ቤት የከተማውን ፕላን ማሟላት ነበረበት። ከእሱ በኋላ ደንብ ቁጥር 472/2012 ወጥቷል፤ በእናንተ ጉዳይ የትኛው አንቀጽ እንደሚሠራ ከመምረጣችሁ በፊት ከክፍለ ከተማው በጽሑፍ ጠይቁ። ቀጭን ቁራጭ መሬት ይዞ የግንባታ ፈቃድ ማጣት፣ በእኔ አስተያየት፣ ሙሉ በሙሉ ከመነሳት የከፋ ነው።

ፎቅ ቤት ከሆነ መሐንዲስ ሳታማክሩ «ይቆረጥ» አትበሉ። የፊት ምሰሶና ቢም ሲነሳ ጭነቱ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ስንጥቁ የሚታየው ማሽኑ ከሄደ ከወራት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ማን ይገምትላችኋል?

ማስታወቂያ ከደረሳችሁ በኋላ የምትጨምሩት ግንባታ ካሳ አያስገኝም። የመሬት ማስለቀቅና ካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለአቤቱታ የሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው፤ «ገማቾቹ ተመልሰው ይመጣሉ» እየተባለ የሚያልፈውም ይኸው ጊዜ ነው። በካሳው ላይ የሚቀርብ ቅሬታ የማስለቀቁን ሥራ እንደማያዘገይ ደግሞ ከእሱ በፊት የነበረው የ1997ቱ አዋጅ በግልጽ ጽፎት ነበር። ስለዚህ ማስረጃው መሰብሰብ ያለበት ቤቱ ሳይነካ ነው፦ ፎቶ፣ ልኬት፣ የግንባታ ፈቃድና ፕላን፣ የካርታው ቅጂ። «ግምቱን ከፍ አስደርጋለሁ» የሚላችሁን ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ አትመኑ።

የቆጠራ ቅጹ ሲቀርብላችሁ ያልተቆጠረውን እዚያው ላይ አስመዝግቡና ቅጂውን ያዙ። ሥራው ሲያልቅ ካርታችሁ በቀረው ስፋት እንዲታረም አመልክቱ፤ ካልታረመ ስትሸጡም ሆነ ከባንክ ስትበደሩ ወረቀቱና መሬቱ አይገናኙም።