ዓሣውን ማን ቆጠረው?

“ዓሣ ቆጠራ” ሲባል የሚስቁ ሰዎች አሉ። አልፈርድባቸውም። በ2013 ዓ.ም በእሳት የጋየችውን አጣዬን “የተቃጠለ ቤትሽን ትተሽ የወንዝሽን ዓሣ ቁጠሪ” ቢሏት “ሰዎቹ ጤነኞች ናቸው?” ማለቷ አይቀርም። እኔ ግን እላለሁ፤ ይቆጠር!

እስኪ እንነጋገር። ከአጣዬ እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው የይፋት ቆላ የሚኖረው ከደጋው በሚወርዱት ወንዞች ነው። አጣዬ፣ ጀውሃ፣ ሮቢ። በበጋ ውሃው ወደ ሽንኩርቱ ማሳ ይጠለፋል። ይጠለፍ፤ ገበሬውም ይብላ። ግን ለወንዙ ምን ቀረለት? ማሳው ላይ የተረጨው መድኃኒትስ ታጥቦ የት ይገባል? ይህን ከየትኛውም ሪፖርት በፊት የሚያውቀው ዓሣው ነው፤ ከውሃው ወጥቶ የሚሸሽበት የለውማ!

“የኛ ወንዝ ዓሣ ለወጥም አይበቃ፣ ምን ያደርጋል?” የሚለኝ አይጠፋም። የጣናው ለወጥ ይበቃ ነበር፤ ምን ሆነ? የጣና ነጭ ዓሣ ክረምት ሲገባ ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ወንዞች ይወጣል። በ1978 ዓ.ም በሞተር ጀልባ የማስገር ንግድ ከተጀመረ ወዲህ፣ እንቁላል ያዘለውን ዓሣ ወንዙ አፍ ላይ በመረብ መጠበቅ መጣ። በብርብራ ፍሬ የሚያሰክረውም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1993 የተደረገው ጥናት በ2001 ሲደገም፣ ወንዝ ወጥተው ከሚራቡት ሦስት አራተኛ ያህሉ የሉም። ይህን ያወቅነው ሁለት ጊዜ ስለተቆጠረ ነው። አንድ ጊዜ ተቆጥሮ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ወረቀት ምንም አይናገርም።

አሜሪካኖች ኮሎምቢያ ወንዝ ላይ የቦንቪልን ግድብ ሲሠሩ ለሳልሞን ዓሣ መወጣጫ አበጁለት። እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮም የሚያልፈውን ይቆጥራሉ። እኛ ጋ ወንዝ ሲጠለፍ “ዓሣው በየት ይለፍ?” ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። አዋጅማ አለን፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995። ግን አዋጅ መረብ ይዞ ወንዝ አይወርድም።

የጠየቅሁት ብዙ ወጪ የለውም። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ መስከረም ላይና በበጋው ማብቂያ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው መረብ መያዝ፣ መለካት፣ መመዝገብ፣ መልቀቅ። አንድ የባዮሎጂ መምህር ባለሙያ ካሠለጠነው ከተማሪዎቹ ጋር ይወጣዋል።

ቤት ሲቃጠል ጭሱ ከሩቅ ይታያል። ወንዝ ሲሞት ጭስ የለውም። ነገ “ድሮ እዚህ ዓሣ ነበር” ስንላቸው ልጆቻችን “ስንት?” ይሉናል። ምን ልንመልስ ነው?