የማን ገንዘብ ነው?

በቋንቋችን ካሉት አሳሳች ሐረጎች መካከል «የመንግሥት ገንዘብ» የሚለውን የሚስተካከል ያለ አይመስለኝም። መንግሥት አያርስም፣ አይሸምንም፤ (ሲነግድ ምን እንደሚሆን ደግሞ ከዚህ በታች እናያለን።) በእጁ ያለው ሁሉ ከሌላ ሰው እጅ የወጣ ነው። ደመወዝተኛው ገና ደመወዙን ሳይጨብጥ ይቆረጥበታል። እኔ ከስደት አገር ለእኅቴ የምልክላት ገንዘብ እንኳ፣ ሱቅ ገብታ ሳሙና ስትገዛበት በዋጋው ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ትከፍልበታለች። እንግዲህ «አንተ በሰው አገር ተቀምጠህ ምን አገባህ?» ለሚሉኝ መልሴ ይኸው ነው።

የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ማለትም ሜቴክ፣ በ2002 ዓ.ም. በ10 ቢሊዮን ብር ካፒታል ተቋቋመ። በዚያው ዓመት በተካሄደው ምርጫ ከ547ቱ የምክር ቤት መቀመጫዎች 545ቱን ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ይዘዋል። ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ የማነሣው በአጋጣሚ አይደለም። ያ ምክር ቤት «ይህ ሥራ ለምን ያለ ጨረታ ተሰጠ?» ብሎ የሚጠይቅ አንደበት አልነበረውም። የጣና በለስ የስኳር ፋብሪካዎች ለሜቴክ ተሰጡ፤ የኦሞ ኩራዝ አንድም ተሰጠ፤ የያዩ ማዳበሪያም፣ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የብረታ ብረትና የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራም ተጨመረ። የአምስት ዓመቱ ዕቅድ በ2007 ዓ.ም. 2.25 ሚሊዮን ቶን ስኳር እናመርታለን ይል ነበር። ዓመቱ ደረሰ፤ አገሪቱ ግን ስኳር ከውጭ መግዛቷን አላቆመችም፣ እናቶቻችንም በቀበሌ ሸማቾች ደጃፍ ከመሰለፍ አላረፉም።

ኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ መግለጫ ሲሰጥ፣ ድርጅቱ በስድስት ዓመት ውስጥ 37 ቢሊዮን ብር የሚያወጣ የውጭ አገር ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ሰማን። ከሁሉ ይልቅ ከአእምሮዬ ያልጠፋው ግን የመርከቦቹ ነገር ነው። «አባይ ወንዝ» እና «አንድነት» የተባሉት ያረጁ መርከቦች ተቆራርጠው ብረታቸው እንዲቀልጥ ነበር የተገዙት። እንደ መግለጫው ከሆነ ግን ከ500 ሚሊዮን ብር በላይ ወጥቶባቸው ታደሱና ለንግድ ባሕር ላይ ወጡ። ለማቅለጫ የተገዛ ብረት በሕዝብ ገንዘብ መርከበኛ ሆነ ማለት ነው!

በዚያ ሰሞን የዋና ዳይሬክተሩ የሜጀር ጄኔራል ክንፈ ዳኘው መያዝ በቴሌቪዥን ታየ፤ ብዙዎቻችን አጨበጨብን። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ያላት አገር ሹም ሲታሰር መደሰቷ አይገርምም። እኔ ግን ጉዳዩ የሌብነት ብቻ ተደርጎ መወሰዱን አጥብቄ እቃወማለሁ። ሹማምንቱ ሁሉ መላእክት ቢሆኑ ኖሮስ? ያለ ጨረታ የተሰጠ ሥራ፣ ያለ በቂ ጥናት የተጀመረ ፋብሪካ፣ ከልካይ የሌለው ፊርማ አንዲት ሳንቲም ሳትሰረቅ እንኳ ቢሊዮኖችን ያጠፋል። ፈራሚው ብቻ ተከሶ አስፈራሚው ሥርዓት በነጻ መሄድ የለበትም።

ዕዳውስ የት ደረሰ? በ2013 ዓ.ም. የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን የሚባል መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ የስኳርንና የሌሎቹን የልማት ድርጅቶች ዕዳ ተሸከመ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የመንግሥት ቦንድ እንዲሰጥ ምክር ቤቱ አጸደቀ። በቀላል አማርኛ፣ ድርጅቶች የተበደሩት ወደ ግምጃ ቤቱ ተሻገረ፤ ግምጃ ቤቱም ወደ ሳሙና ገዢዋ ይመለሳል። ለሕዳሴው ግድብ የወር ደመወዙን የሰጠው መምህር፣ በዓረብ አገር በሰው ቤት እየሠራች ቦንድ የገዛችው እኅታችን፣ ለስኳሩና ለመርከቡ ማን ፈቃዳቸውን ጠየቀ?

ጌቶቹ ተለውጠዋል ይሉኛል። ኅዳር 2015 ዓ.ም. በየካ ተራራ ስለሚሠራው የጫካ ፕሮጀክት ሲጠየቁ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ገንዘቡ ከፌዴራል በጀት እንዳልሆነ ለምክር ቤቱ ነገሩ። ከበጀት ካልሆነ ከየት ነው? በማን ስም ተሰጠ፣ በየትኛው መዝገብ ገባ፣ የትኛውስ ኦዲተር ያየዋል? ተራራው ራሱ የማን ነው?