«የት እየሰጠ ነው?»

ሰሞኑን አንድ የዘመዴ ልጅ ደወለልኝ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሷል። «ጋሼ፣ አሁን የት እየሰጠ ነው?» አለኝ። ቪዛ ማለቱ ነው። ምን መማር እንደሚፈልግ ጠየቅኩት። ዝም አለ፤ ቆይቶ «እሱን ኤጀንሲው ያስተካክለዋል» አለ። ስልኩን ከግድግዳ ጋር ላላጋው ምንም አልቀረኝ።

ካናዳ ተዘግቷል፣ አውስትራሊያ ከብዷል፣ ፖላንድ ይሞከራል! የሽንኩርት ዋጋ ይመስል ቪዛ ስንጠያየቅ እንውላለን። «ፕሮሰስ ጀመርኩ» የሚል ወጣት በየካፌው ሞልቷል። የምን ትምህርት ብላችሁ ጠይቁትና ፊቱን እዩት።

ንዴቴ ከመሬት የበቀለ አይደለም። ታናሽ እህቴን ቦሌ ወዳለ አንድ ቢሮ ይዣት የሄድኩት እኔው ነኝ። ጠረጴዛው ላይ ከረሜላ፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ የዓለም ካርታ። «ቆጵሮስ እኮ የአውሮፓ ኅብረት አባል ናት» አለችን አስተናጋጇ። አልዋሸችም፤ ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ አባል ናት። ዩኒቨርሲቲው በሰሜኑ በኩል መሆኑን ግን ዋጠችው። ሰሜኑን ከቱርክ በቀር አገር ብሎ ያወቀው መንግሥት የለም፣ የኅብረቱ ሕግም እዚያ አይሠራም፣ አውሮፕላን እንኳ ቱርክን ሳይረግጥ አይገባበትም። እህቴ ነገሩ የገባት ኢስታንቡል ላይ አውሮፕላን ስትቀይር ነው። ያን ጊዜ የእናታችን ዕቁብ ተከፍሎ አልቋል። በዓመቷ ተመለሰች። ካርታው ግን ግድግዳው ላይ ነበር፤ ያላየሁት እኔ ነኝ።

ኤጀንሲ የምንለው ደላላ ነው፣ በቃ! የቤት ደላላ ከሁለት ወገን እንደሚቀበል እያወቅን፣ የትምህርቱ ደላላ ሲሆን ለልጃችን የሚያስብ አጎት ይመስለናል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ላመጣላቸው ሰው ከትምህርት ክፍያው ላይ ኮሚሽን ይቆርጡለታል። እንግዲህ በነጻ የሚያስተምረው ከምኑ ላይ ይቁረጥለት? የጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኞቹ የውጭ ተማሪን የትምህርት ክፍያ አያስከፍሉም (ባደን ቩርተምበርግ የተባለችው ግዛት ግን በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ትጠይቃለች)። በ2017 ዓ.ም ተመን ለጀርመን ቪዛ በዝግ ሂሳብ የሚቀመጠው 11,904 ዩሮም የተማሪው የራሱ ገንዘብ ነው፤ እዚያ ሲደርስ በየወሩ 992 ዩሮ ይለቀቅለታል። ብሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ለብዙ ቤተሰብ የማይቀመስ መሆኑን አላጣሁትም። ታዲያ የሃንጋሪ መንግሥት ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩምስ? የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕስ? ለማመልከት ሳንቲም አይጠይቁም፤ ጥር ላይ ተማሪው ራሱ በኢንተርኔት ይሞላቸዋል። ውድድሩ ብርቱ ነው፤ ያም ሆኖ መሞከሩ ከዕቁብ ገንዘብ አያስወጣም። ደላላችሁ ስለ እነዚህ ትንፍሽ ብሎ ያውቃል?

እኛ ወላጆችና ታላላቆችም እጃችን ንጹሕ አይደለም። «ብቻ ይውጣ እንጂ» የምንለው እኛ ነን። ውጭ አገር ያለ ልጅ አለን ለማለት የቸኮልነው እኛ ነን። ልጁ በማያውቀው ቋንቋ፣ ባልመረጠው ትምህርት ሲንከራተት «አይዞህ፣ ቻለው» እያልን በስልክ የምናባብለውም እኛው።

ለዚያ ልጅ የቤት ሥራ ሰጠሁት፤ የትምህርቱን ስም፣ የከተማውን ስም፣ እዚያ የተማረ አንድ ሐበሻ ስልክ ቁጥር ይዘህ ና አልኩት። አልመጣም። ትናንት እናቱ ደወለች፤ ድምፅዋ በደስታ ይንቀጠቀጣል። «ጆርጂያ እየሰጠ ነው አሉን!»

«የትኛዋ ጆርጂያ?» አልኳት።

«እሱን ኤጀንሲው ያውቃል።»

ቅዳሜ ሊከፍሉ ነው።