በዐሥራ አምስት ዓመት ስለሚነበብ መጽሐፍ

በዚህ ግቢ አንድ እንግዳ ልማድ እየገባ ነው። ስለ መጻሕፍት ጨዋታ ሲነሣ አንዱ ጓደኛችን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጠራ እንደ ሆነ፣ ሌላው ፈገግ ይልና «እሱንማ በዐሥራ አምስት ዓመቴ አልቅሼ ጨረስኩት» ይላል። ለቅሶውን የሚቈጥረው እንደ ኩፍኝ ነው፤ አንድ ጊዜ ወጥቶ የሚለቅ የልጅነት በሽታ። እኔ ግን ይህን መጽሐፍ ከኛ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይልቅ አጥብቆ ያነበበው ያ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነው እላለሁ፤ መከራከር የሚፈልግ ይምጣ።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ ልብ ወለድ፣ በስሙ ምክንያት ይሆናል፣ የሁለት ወጣቶች የፍቅር ታሪክ ብቻ ተደርጎ ይወሰዳል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው ዛሬም የሚያነሣው የሰብለ ወንጌልንና የበዛብህን መለያየት ነው። ልጅን የሚያቈስለው ግን ይህ ብቻ አይደለም። መጽሐፉ ጨካኝ ነው። የጭካኔውም ምንጭ ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ክፉ ሰው ላይ አላክኮ እንድንገላገል የማይፈቅድልን መሆኑ ነው።

እስቲ አስቡት። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸውን ይወዱታል። ስለሚወዱትም፣ እንዲያድግላቸው ሲሉ፣ ለቤተ ክርስቲያን ይሳሉታል። ሕፃኑ ገና አፉን ሳይፈታ ዕድሜ ልኩን የሚያስር ቃል ተገባበት። ፊታውራሪ መሸሻም ቢሆኑ ሰብለን አይጠሏትም፤ ለእሷ የሚመጥን ዘር ሲመርጡ፣ ሲያማርጡ፣ የመጣውን ሽማግሌ ሁሉ ሲመልሱ የልጅቱን ዕድሜ ጨረሱት እንጂ። ሁለቱን የጎዳቸው ወላጅ ነው፤ ያውም የሚወድ ወላጅ። ትልቅ ሰው ይህን ሲያነብ «የድሮ ባላባት ኩራት» ብሎ ያልፈዋል። የዐሥራ አምስት ዓመቱ አንባቢ ግን የሚያልፍበት መንገድ የለውም። ምን እንደሚማር፣ ከማን ጋር እንደሚውል፣ ነገ ምን እንደሚሆን በእራት ገበታ ላይ እየተቈረጠለት ነው፤ የሚቈርጡለትም የሚወዱት ሰዎች ናቸው።

የመጽሐፉን መጨረሻ የሚነቅፉ አሉ። ሰብለ ከአባቷ ቤት ጠፍታ በዛብህን ስታገኘው ሽፍቶች አቍስለውት ለሞት ተቃርቧል። «ሽፍታውን ያመጣው አጋጣሚ ነው፣ ደራሲው ሊያስለቅሱን ብለው ነው» ይላሉ ነቃፊዎቹ። በድርሰት ሙያ ሚዛን ነቀፋው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን መጽሐፉን ወርውሮ «ይህማ ግፍ ነው!» የሚለው ልጅ ስለ አጋጣሚ አይደለም የሚናገረው።

መምህሮቻችንንም ትንሽ ልውቀስ፤ ይቅርታ ይደረግልኝ። በየክፍሉ ከዚህ መጽሐፍ ፈሊጥና ምሳሌያዊ አነጋገር ያስለቅሙናል፣ ለፈተናም እናጠናዋለን። ካሣ ዳምጤ የዘመኑን ሥርዓት በመንቀፉ «ጉዱ» ተብሎ እንደ ዕብድ የተቈጠረ ሰው ነው፤ በክፍል ግን የሚያስቅ ጥቅስ አቀባይ ሆኖ ይቀራል። ስለ ስለቱ፣ ማለት ወላጅ በልጁ ላይ ቃል የመግባት መብት አለው ወይስ የለውም በሚለው ነገር፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ሲያከራክሩ ግን አላየሁም።

አንዲት ዐሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ዘመዴ ባለፈው ክረምት መጽሐፉን ጨርሳ ሦስት ቀን አኵርፋ ሰነበተች። ያኰረፈችው ፊታውራሪን ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የበዛብህን ወላጆች ኖሯል። «ምን ያድርጉ፣ ልጁ እንዳይሞትባቸው ፈርተው እኮ ነው» አልኳት። «ታዲያ ለምን የራሳቸውን ነገር አልተሳሉም?» አለችኝ። መልስ ያለው መምህር ወይም ጓደኛ ቢኖር፣ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልኝና ላንብብላት።