ለካርቶኑ ወይስ ለዕቃው?

ገመድ አልባ ሄድፎን የሙዚቃ አፍቃሪ ወጣቶች መዝናኛ ብቻ መሆኑ ካበቃ ሰንብቷል። ዛሬ ደላላው ሁለት ስልክ ይዞ ገዢና ሻጭ የሚያገናኝበት፣ አስመጪው ከዱባይ ወይም ከጓንዡ አቅራቢው ጋር ዋጋ የሚከራከርበት የሥራ መሣሪያ ሆኗል። በስልክ የተነገረች አንዲት ቁጥር በትክክል ካልተሰማች የምታስከትለውን ኪሳራ ነጋዴ ጠንቅቆ ያውቀዋል።

የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይታሰብ 5,700 ብር የነበረ የ100 ዶላር ዕቃ ከ10,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። በምርጫ መሳሳት የሚያስከፍለው ዋጋም በዚያው ልክ አድጓል።

በዚህ ጸሐፊ እምነት ለሥራ ሰው የሚያዋጣው በውጭ ገበያ ከ80 እስከ 150 ዶላር የሚሸጠው መካከለኛው ዕቃ ነው። ለምሳሌ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2023 በ150 ዶላር ገደማ ያወጣው ደብሊውኤች-ሲኤች720ኤን የውጭ ድምፅ ማፈኛው እየሠራ 35 ሰዓት እንደሚቆይ ኩባንያው ይገልጻል። በ2022 በ400 ዶላር ገደማ የወጣው ደብሊውኤች-1000ኤክስኤም5 በተመሳሳይ ሁኔታ 30 ሰዓት ነው። ሁለቱም ከሁለት ስልክ ጋር ባንድ ጊዜ ይገናኛሉ። ውዱ በድምፅ ጥራትና ጫጫታ በማፈን መብለጡ አይካድም። ይሁን እንጂ ቀኑን ሙሉ ስልክ ለሚያነጋግር ሰው የ250 ዶላሩ ልዩነት ሌላ ሥራ ቢሠራበት ይሻላል።

ችግሩ ካርቶኑ ላይ ነው። ኤልዳክ የተባለው የድምፅ ማስተላለፊያ ዘዴ በሰከንድ እስከ 990 ኪሎቢት ያስተላልፋል ተብሎ በጉልህ ይጻፋል። አይፎን ግን ይህን ዘዴ አይቀበልም። አንድሮይድ የያዘ ሰውም ቢሆን ለሙዚቃ እንጂ ለስልክ ጥሪ አይጠቀምበትም፤ ጥሪ የሚያልፈው በሌላ መንገድ ነውና። ጫጫታ ማፈኛውም ቢሆን የሚያገለግለው የአድማጩን ጆሮ ሲሆን፣ የሚበረታውም እንደ ጄኔሬተርና እንደ አውቶቡስ ሞተር ባለ ወጥ ጉርምርምታ ላይ ነው። በወዲያኛው መስመር ያለው ደንበኛ የሚሰማው በማይክሮፎኑ ጥራት ልክ ነው። ስለዚህ ገዢ ከመክፈሉ በፊት ከሱቁ በር ወጥቶ፣ መኪና በሚያልፍበት ቦታ ቆሞ ለወዳጁ ይደውል። ሁለት ስልኮቹንም ባንድ ጊዜ ያገናኝ። ከአምራቹ የስልክ መተግበሪያ ጋር መግባባቱንም ያረጋግጥ፤ ብዙው ፎርጅድ እዚህ ላይ ይጋለጣል። ይህን ሳያደርግ በታዋቂ ስም ተስቦ የሚገዛ ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን ሴት ይመስላል።

ጉዳዩ የገዢው ብቻ አይደለም። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያገለገሉ መኪናዎችን ምሳሌ አድርገው እንዳስረዱት፣ ገዢ ደህናውን ከብልሹው መለየት ካልቻለ ለደህናው የሚገባውን ዋጋ አይከፍልም። ደህና ዕቃ የያዘው ሻጭም ስለማያዋጣው ከገበያ ይወጣል፤ ብልሹው ይቀራል። በ2001 የኖቤል ሽልማት የተካፈሉበት ይህ ትንታኔ የእኛን የኤሌክትሮኒክስ ገበያ የሚገልጽ ነው። ኦርጅናል አስመጥቶ ከፎርጅዱ ጎን የሚደረድር ነጋዴ በዋጋ የሚሸነፈው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለ ዕቃው ጥራትና ዓይነት በቂ መረጃ የማግኘት፣ ጥራቱን በማየቱ ወይም ዋጋ በመከራከሩ ብቻ ግዛ ተብሎ ያለመገደድ መብት እንዳለው ደንግጓል። ሆኖም «ካርቶኑ ከተከፈተ ተሸጠ» የሚል ሻጭ ዛሬም ያጋጥማል። አንድ ናሙና ለሙከራ ከፍቶ የሚያስቀምጥ፣ የስድስት ወር ዋስትናም በደረሰኙ ላይ ጽፎ የሚሰጥ ሱቅ ከጎረቤቱ ጥቂት መቶ ብር አስወድዶ ቢሸጥ ገዢ አያጣም። ፎርጅድ ሻጩ ይህን ዋስትና ሊኮርጅ አይችልም፤ በየሳምንቱ የሚመለስበት ዕቃ ያከስረዋልና። ገዢም ዋጋ ከመከራከሩ በፊት ዋስትናውን ይጠይቅ። ሻጩ ለመጻፍ ካመነታ፣ ስለ ዕቃው ከገዢው በላይ የሚያውቀው ነገር አለ ማለት ነው።